ሾፌሩ ከደብዳቤሽ ጠፋ

ሰኔ 11 ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ
ከሶፋ መጠገኛ ክፍሌ

ባሕር ላይ ላለሽው ለውዷ ባለቤቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ልጃችን ጉንጬ ሁለተኛውን የፊት ጥርሷን አወለቀች። "ለእማዬ ላክላት፣ አፍ ብቻ ለሆነው ዓሣ ትስጠው" ብላ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እናትሽ ጉልበታቸውን ተሽሏቸዋል፤ ምላሳቸው ድሮም አልታመመም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ብትፈልጊ ተቆጪኝ፣ ብትፈልጊ ሳቂብኝ፤ ሆዴ ውስጥ አላድር ስላለኝ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎችሽ ሾፌሩን ብቻ ነበር የሚያወሩት። ትንሿን ሰርጓጅ መርከብ የሚነዳው እሱ፣ በብረት ክንዷ ለጥናትሽ የጥልቁን ባሕር እንስሳት የምትይዢው አንቺ። ሾፌሩ እንዲህ ብሎ አሳቀኝ፣ ሾፌሩ ብርድ ልብሱን ሰጠኝ። "ሁለት ሰው ካልሆነ አንወርድም፣ ሕጋችን ነው" ስትዪኝ፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ ሕጉን ረገምኩት። ከዚያ ድንገት ሾፌሩ ጠፋ። ዓሣው አለ፣ ጨለማው አለ፣ ሾፌሩ የለም። ሰው ደግሞ ድንገት ዝም የሚለው የሚደብቀው ሲኖር ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ደብዳቤዎችሽን እንደገና አነበብኩ። ጭንቅላቱ እንደ ብርጭቆ ውስጡን ስለሚያሳየው፣ ዓይኖቹም እዚያው ውስጥ ስለሚዟዟሩበት ዓሣ ጽፈሽልኛል። ምነው እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለአንቺም በሰጠሽ አልኩ። ግንባሯ ላይ መብራት ስላንጠለጠለችው ዓሣና ስለ ባሏም ጽፈሽልኛል። ሚጢጢዬው ባል ጎኗን ነክሶ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ በእሷ ደም ይኖራል። ድሮ ቢሆን እስቅ ነበር። አሁን ግን "ይቺ ሴትዮ እኔን ነው የምትለው" አልኩ። ቤቱን በደመወዝሽ የያዝሽው አንቺ መሆንሽን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ቀጥሎ ፎቶው። ሰርጓጇ ውስጥ ሆነሽ ትስቂያለሽ፤ አጠገብሽ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ታዲያ ማን አነሳሽ? እሱ ነዋ!

ለእናትሽ ብነግራቸው፣ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ተው ልጄ፣ ሶፋህን ስፋ" አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ትናንት የወደቡን ዘበኛ ጠይቄ የሾፌሩን ቤት አገኘሁ። ሚስቱን ላናግር፣ ምናልባትም አብረን ልናለቅስ ነበር ሐሳቤ። በሩን የከፈተልኝ ግን ስንሸኛችሁ ያየሁት ሾፌር ራሱ ነው፤ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሕፃን ልጁን አቅፎ።

"አንተ ደግሞ መቼ መጣህ?" አልኩት።

"ቆየሁ እኮ። አልነገረችህም እንዴ?"

አስገብቶ አስቀመጠኝ። ሕፃኑን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው ሲያቀያይር ሳይ፣ ጥፋተኛ ነው አልኩ በልቤ። በኋላ ሕፃኑን ለሚስቱ ሰጠና፣ "የሰርጓጇ መስኮት ጠርዝ ላይ ስንጥቅ አየሁ" አለኝ። "ከፀጉር አይበልጥም። እዚያ ታች ላለው የውሃ ክብደት ግን ፀጉር ይበቃዋል። መስኮቱ ካልተቀየረ አልነዳም ብዬ ሥራውን ተውኩት።"

"ታዲያ አሁን ማነው የሚነዳው?"

የመለሰችልኝ ሚስቱ ናት። "ራሷ ናት፣ ሕጉን ጥሳ ብቻዋን። ሌላ ሾፌር እስኪመጣ ጠብቂ ቢሏት እምቢ አለች። ያንን ቀይ የሚያበራ እንስሳ ሳልይዝ አልመለስም ብላለች አሉ።"

ስለዚያ እንስሳ ለእኔም ጽፈሽልኝ ነበር። ማንም ስም ያላወጣለት ነው፣ አንድ ጊዜ በመስኮቱ ታይቶ ጠፋ ብለሽኝ ነበር። እኔ ደብዳቤዎችሽ ውስጥ ሾፌሩን ስፈልግ አልፌዋለሁ። ፎቶውንም ያነሳው ሰው እንደሌለ፣ ካሜራው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ እንደሆነ ሾፌሩ ነገረኝ።

ቤት ስገባ ጉንጬ "አባዬ፣ ለምን ታለቅሳለህ?" አለችኝ። የሶፋ አቧራ ገባብኝ አልኳት። አላመነችኝም፤ በጥርጣሬ እኔን ነው የወጣችው።

አልቆጣሽም። ግትርነትሽን ዛሬ አይደለም ያወቅኩት፣ የወደድኩሽም ከነግትርነትሽ ነው። ግን ፈርቻለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ፣ ከውሃው በላይ ከሆንሽ፣ መስኮቱ ሳይቀየር አትውረጂ። ታች ከሆንሽ ደግሞ...

ያ ሁሉ ውሃ ይቅለልሽ። የፈጠረሽ አምላክ እጅሽን ይዞ ወደ ብርሃን ያውጣሽ። ዛሬ አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ "ሚስትህ ሌላ ወንድ ወዳ የብስ ላይ ቀርታለች" ቢለኝ፣ እግሩን እስመው ነበር።

ባልሽ