የአባትሽ መኪና ዘይት ከየት እንደሚፈስ

ልጄ፣ የእናትሽ መመኪያ፣ ባለሽበት ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፣ ከአባትሽ መኪና በቀር።

ዘይት ማፍሰስ ከጀመረች ወዲህ ግቢው ጠቁሮ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። አባትሽ ወገቡን እያመመው ከሥሯ ተጋድሞ ዘይቱን የሚያግደውን የታችኛውን ጋስኬት ሁለቴ ቀየረ፤ እሷ ግን አልተወችም። «ኧረ ከላይም እይ» ስለው፣ «የሚንጠባጠበው ከታች ነው፣ አይታይሽም?» ይለኛል። ድስት ሲገነፍል ምድጃው ነው እንዴ ያፈሰሰው? ጨጓራዬን ላጠው!

እሁድ አክስትሽን ልናደርስ ስንሄድ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ። እሳት መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ከዚያ በኋላማ አልቻልኩም። እሱ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ ሞተሩን በሳሙናና በብሩሽ ፈትጌ አጠብኩት። ሲነቃ «በል አስነሳና በእጅ ባትሪ እንይ» አልኩት። ዘይቱ ከላይኛው ክዳን ጠርዝ ሥር ወጥቶ በሞተሩ ጎን ቁልቁል ሲወርድ ሁለታችንም አየን። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔስ መቼ ከታች ነው አልኩ!»

የክዳኑን ጋስኬት ቀየረው፣ መፍሰሱ ቆመ። ሲደውልልሽ «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ይልሻል። አደራ፣ አትሳቂበት፤ «ጎበዝ አባዬ» በይው። ብቻ ሁለተኛ ከመኪና ሥር እንዳይጋደም ለምኚልኝ፤ ትናንት ጎንበስ ማለት አቅቶት ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ።

እናትሽ