ቱቦ አይጾምም

ለተከበሩ አቶ ሃይላይ፣
የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣
መቐለ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን አለ? ስኳርዎ የተስተካከለ፣ የደምዎም አሲድ ከልኩ ያላለፈ ይሁን ብዬ ከልብ እመኛለሁ፤ እኛ ዘንድ ይህ እንዲሁ የሚገኝ ነገር አይደለምና።

ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ መጋቢት 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከታካሚያችን ከኣደይ ለተመድህን ራስጌ ቆመው እኔ የጻፍኩትን ካርድ ባነበቡበት ቅጽበት ነው። ካርዱ «በአፍ ጾም» ይላል። ስትሮክ የመታቸው እናት መዋጥ ስለማይችሉ በአፋቸው ምንም አይግባ፣ ምግባቸው በአፍንጫቸው በተዘረጋው ቱቦ ይሂድ ማለቴ ነበር። ተረኛው ነርስ ሕሉፍ እንደነገረኝ ግን እርስዎ «በዚህ ሕመም ላይ ሁዳዴን? እንዴት ያሉ ጠንካራ እናት ናቸው» ብለው ተደነቁ፤ ቱቦው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲዘጋ፣ ከዚያም በቱቦው ይሰጣቸው በነበረው ወተት ፈንታ ቀጭን ሽሮ እንዲወርድበት አዘዙ። ለሰው ነፍስ ስለማሰብዎ አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼ ግን እነሆ፦

1. ኣደይ ለተመድህን በኢንሱሊን የሚኖሩ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ምግቡ ሲቆም መርፌውም አብሮ ቆመ። ሐሙስ ከውቅሮ ሥልጠና ስመለስ በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍስ ሰው አገኘሁ። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስቡን እያነደደ ደሙን አሲድ ያደርገዋል፤ ሳንባም ያንን አሲድ ለማስወጣት ይሯሯጣል። ሐኪሞቹ ሁለት ቀን ታግለው ከሞት መለሷቸው።

2. ሽሮው ጣፋጭ እንደነበር ወጥ ቤቱ መስክሯል። ቱቦው ግን ተደፈነ።

3. የንስሐ አባታቸው አባ ገብረዝጊ ሊጠይቋቸው ሲመጡ መጀመሪያ ያሉት «ለመሆኑ ምግቡ በሰዓቱ ይገባላቸዋል?» ነበር። እንዲህ ለታመመ ሰው ጾም እንደማይታዘዝ እኔ አላስረዳኋቸውም፤ ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። እርስዎና እርሳቸው ለአንድ ሳምንት ወንበር ብትለዋወጡ ሆስፒታሉ የሚጎዳ አይመስለኝም።

4. ይህ ሁሉ ሆኖ «አሻሚ ቃል በመጻፍ አመራሩን አሳስታለች» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ወደ ሠራተኞች ካፌም ተዛወርኩ። በቃሉ ምርጫ ጥፋቴን እቀበላለሁ። የተማርኩት ግን የካፌውን ፓስታ ጨው ለመቅመስ አልነበረም።

ይቅርታ እንድጠይቅበት የላኩልኝን ወረቀት ሳልፈርምበት መልሻለሁ። ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው በየቢሮው ሲዞር እንዳይደክም ብዬ ነው።

የቱቦዎችዎ ጤና ዘወትር የሚያሳስባት አክባሪዎ፣
ሳምሪ ኣስፋሃ
የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የፓስታ ተቆጣጣሪ

ማስታወሻ፦ አዲሱ ካርድ «በአፍ አይሰጥ፤ በቱቦ ይሰጥ» ይላል። ፊደሉን ያተለቅሁት ለእርስዎ ነው። ሁዳዴ ገና አምስት ሳምንት ስለሚቀረው፣ እባክዎ እርስዎ ከማዘዝ ይጹሙ። እኔ ግን ሐኪም ያልፈረመበትን «ቱቦው ይዘጋ» የሚል ቃል ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም።