የጠዋት ጭስ

ለምወድሽ ልጄ ለዚቪሌ፤ አየርላንድ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሊቱዌኒያ ለማሞቂያ ጋዝ ትቶ የእንጨት ፍቅፋቂ ወደ ማንደድ ዞሯል። ፍቅፋቂው ከሚነድበት ከከተማው ማሞቂያ ጣቢያ የሚመጣው የሙቅ ውሃ ቧንቧ እኛም ሰፈር ደረሰ። ቤቱ ሌት ተቀን ይሞቃል፤ እንጨት መፍለጥ፣ አመድ መዛቅ ቀረ። ከየጣሪያው ግን ጭስ አይታይም። አምና የሽማግሌው የብሮኒየስ ጭስ ጠዋት ቢቀር አይደል ሮጠን ከወደቀበት ያነሳነው?

እኔ አሮጌውን ምድጃ ዛሬም ጠዋት ጠዋት እለኩሰዋለሁ፤ ሙቀቱ ሲበዛብኝ መስኮት እከፍታለሁ። አብሮ አደግሽ ቫይዶታስ ከአጥር ማዶ፣ «እትዬ ኦና፣ ቤትዎ እየሞቀ ምን ያስነድድዎታል? ጃጁ እንዴ?» አለኝ።

«ድንች ልጠብስ ነው» አልኩት።

ስትደውይለት፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ጣሪያዬ ቀና ማለቱን እንዳይተው ንገሪው። «እናቴ ብላኛለች» ግን እንዳትይው።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ እናትሽ ኦና