ጣቴ የወሰደችው የጎረቤቴ ቤት

የካቲት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሐረር

ለተከበሩ የ«ቤቴ በእጄ» ይዞታ ምዝገባ ድረ ገጽ ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ በተለይም ዓይንዎ እንዳይደክም እመኛለሁ፤ ያቋቋሙትን ድረ ገጽ ገና አንድ ቀን ያዩት ይሆናልና። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ ጀጎል ውስጥ ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ የምኖር ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ፈርቼ ስለሆነ፣ አክብሮቴ የበዛ መስሎ ከታየዎ ከፍርሃት መሆኑን ይወቁልኝ።

በቅድሚያ ቢሮ ከመመላለስ ስላሳረፉን አመሰግናለሁ። ድሮ ቤቴ የትኛው እንደሆነ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ በአፌ እናገር ነበር፤ ዛሬ ስልኬ ላይ ካርታ ወጥቶ «ቤትዎን ይንኩ» ይለኛል። ያጋጠመኝን ጥቂት ነገር እንደ ቀድሞ ሙያዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መመሪያው በነጭ ላይ በአመድማ ቀለም የተጻፈ በመሆኑ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቤም አላነበብኩትም። እኔ በዘመኔ የቀለም ሪባኑ ባለቀ የጽሕፈት መኪና ጽፌ ለአለቃዬ ባቀርብ ኖሮ ያን ቀን ወደ ቤቴ እሸኝ ነበር።

2ኛ. ጊዜዬን እንዳላባክን አስበው ከላይ በቀይ የሚቆጥር ሰዓት ስላስቀመጡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ደቂቃ ነበረኝ። ሲቀንስ ባየሁ ቁጥር ካርታውን ትቼ እሱን እቆጥር ጀመር።

3ኛ. ካርታው አይሰፋም። ጀጎል ውስጥ ቤት ከቤት ግድግዳ ተጋርቶ እንደሚኖር ክቡርነትዎ አያጡትም፤ በእርስዎ ካርታ ላይ የእኔ አንዲት ጣት ሦስት ቤት ትሸፍናለች። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነካሁ። ጣቴ ያረፈችው ግን በአርባ ዓመት ጎረቤቴ፣ ቅመም በምትነግደው በወይዘሮ ፋጡማ ቤት ላይ ኖሯል። የማንን ቤት እንደነካሁ እንኳ ሳይጠይቀኝ «እናመሰግናለን፤ ጥያቄዎ ተመዝግቧል» አለኝ። መመለሻ ብፈልግ የለም። በጽሕፈት መኪና ስሳሳት እንኳ ላጲስ ነበረኝ።

በማግስቱ ለፋጡማ መልእክት ደረሳት። በለጡ ሀብተወልድ የተባለች አመልካች፣ ማለትም እኔ፣ «ቤቱ የእኔ ነው» ስላለች፣ እስከ የካቲት 30 ማስረጃ ካልቀረበ ቤቱ በአመልካቿ ስም ይጸናል ይላል። ለእኔ ቤት ደግሞ ጠያቂ ስላልቀረበ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ተብሏል። ክቡርነትዎ በአንዲት ጣት ቤት አልባም ቀማኛም አደረጉኝ።

በእኔና በፋጡማ ግቢ መካከል በግንቡ ላይ አንዲት ትንሽ በር አለች። መቀርቀሪያ ኖሯት አያውቅም። እኔ ስወልድ ፋጡማ አጥሚቱን ይዛ የገባችው፣ ባሏ ሲሞት እኔ እያለቀስኩ የሄድኩት በዚያች በር ነው። ያን ቀንም ስልኳን ይዛ በዚያችው መጣችና «በለጡ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ቤቴን ፈልገሽው ነው?» አለችኝ።

በገብርኤል ስም ማልኩላት። ካርታውን አውጥቼ ጣቴን እያሳየሁ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ልታምነኝ እንደፈለገችም ዓይኗ ላይ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከእሷ ወገን የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ፤ መቀርቀሪያ እያስገጠመች ነበር። አልፈርድባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አስገጥም ነበር። ቤቴን ማጣት ያስፈራኛል፣ ያ መዶሻ ግን ከዚያ ይብሳል። አሁን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ደግሞ የማንን ቤት ወሰድኩ ብዬ እደነግጣለሁ።

ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ለመናዘዝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የበሩ ጥበቃ በጣም በትሕትና ሁሉም ነገር በድረ ገጽ ብቻ እንደሆነ ነግረው መለሱኝ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ፊደሉ ይጥቆር፤ ሰዓቱ ይቅርልን፤ አንድ ሰው ቤት ሲነካ «ይህ የፋጡማ ቤት ነው፤ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ይኑር፤ ለተሳሳተም መመለሻ ይበጅለት። እስከ የካቲት 30 ዐሥራ ስምንት ቀን ቀርቶናል፤ እኔና ፋጡማ እየቆጠርን ነው፣ ለየብቻችን።

የእርስዎ ቤት በእርስዎ ስም፣ የጎረቤትዎም በጎረቤትዎ ስም ጸንቶ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

በለጡ ሀብተወልድ
በድረ ገጽዎ የጎረቤቷን ቤት ያገኘች፣ የራሷን ያጣች

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በድረ ገጽዎ የቅሬታ ክፍል ልልክ ሞክሬ ነበር። ቅሬታዬን ከመቀበሉ በፊት «ቤትዎን ይንኩ» አለኝ፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ጎረቤቶቼን አስቤ ጣቴን አነሳሁ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ በቢሮዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። በርዎ ሰፊ ስለሆነ አልሳትኩትም።