የአያ ደርቤ በር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሰበር የለበትም ላሉት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የወረዳችን የትያትር ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ንፋስ ስልክ፣ መጋቢት 1988 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የአንድ ንፉግ ሰው በር

ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት፣ በሚገባ በተቀረቀረ ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳይደፍራችሁ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ለወላጆች ቀን ሊያሳየው ያሰበውን «አያ ደርቤ» የተባለ ትያትር ኮሚቴዎ መርምሮ የላከልንን የእርምት ሐሳብ በአክብሮት አንብበነዋል። ትያትሩን የጻፈው ታላቅ ወንድሜ እስጢፋኖስ ታኅሣሥ ላይ ስለሞተ መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ። በእጅ ጽሑፌ ማማር ከእሱ ስለማንስ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ለሌሎችም ስለሚነበብ፣ ተረቱን ለማያውቅ አንባቢ ስል አያ ደርቤን ላስተዋውቅ። አያ ደርቤ ከአያቶቻችን ጀምሮ ሲተረትበት የኖረ ንፉግ ነው። ለጎረቤት እሳት አያስጭርም። ምሳ ሲቀርብለት በሩን ይቀረቅራል፤ በሩ ክፍት ከሆነ መንገደኛ ያያል፣ መንገደኛ ካየ ደግሞ «እንብላ» ማለት ይመጣል። ኮቴ ከሰማ ሰውየው እስኪያልፍ ማኘኩን ያቆማል። አንድ ቀን ታዲያ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። ጎረቤቶቹ መንፈራገጡን ሰምተው በሩን ሰብረው ይገቡና ጀርባውን ደቅተው ያተርፉታል። ትንፋሹ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሉ «በሬን የሰበረ ማነው? ይከፍላል» የሚል ነው። ወንድሜ መጋረጃውን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ እርምቶቹ ልመለስ።

1ኛ/ በር ዘግቶ መብላት በሕግ የተረጋገጠ የግል ሕይወት መብት በመሆኑ፣ መብቱን በተጠቀመ ዜጋ ላይ ተመልካች እንዳይስቅ አሳስበዋል። ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን። ከብስራተ ገብርኤል ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያችን አራት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧና በአንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ስለምንኖር፣ የግል ሕይወት የሚባለው ነገር እስካሁን አልደረሰንም። እትዬ በቀለች ከግድግዳው ወዲያ ሆነው «ፀሐይወርቅ፣ ሽንኩርቱ አረረብሽ» ብለው እናቴን ሲጣሩ መብት መጣሳቸውን አያውቁም ነበር። እነግራቸዋለሁ።

2ኛ/ አያ ደርቤ እሳት አላስጭርም ማለቱ በነጻ ገበያ ሥርዓት ንብረትን በፈለጉት መንገድ የመጠቀም ጉዳይ ስለሆነ፣ ገጸ ባሕሪው ለወጣቱ የቁጠባ አርአያ ሆኖ እንዲቀረጽ አዘዋል። ይህን ለእናቴ ባነበብኩላት ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት። እሷ ተማሪ ሳለች፣ በዚያኛው መንግሥት ዘመን፣ ይኸው ተረት እዚሁ ወረዳ መድረክ ላይ ቀርቦ ነበር። ያኔ አያ ደርቤ ከበርቴ ነበር። በሩን የሰበሩት መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎች ነበሩ፤ እህሉን ተከፋፈሉት፣ እናቴም ከኋላ ቆመው መፈክር ከሚያሰሙት አንዷ ነበረች። ያንን ትያትር መርምሮ ያሳለፈው ሰው ስም ከክቡርነትዎ ስም ጋር አንድ ነው ብትለኝ፣ ስም ይመሳሰላል አልኳት። «መነጽርም ይመሳሰላል?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

ወንድሜ አያ ደርቤን ሆኖ ይጫወት የነበረው እሱ ራሱ ነው። በልምምድ ላይ ልጆቹ ከመጠን በላይ ሲያፌዙበት «ቀስ በሉ፣ ሰውየው እኮ ፈርቶ ነው» ይላቸው ነበር። ከበርቴም ነው፣ አርአያም ነው ብሎ አያውቅም። አረማመዱን የቀዳው ደግሞ ከአከራያችን ከአቶ አባይነህ ነው። አቶ አባይነህ ገና በጊዜ የሁላችንንም መብራት ከቆጣሪው ላይ የሚያጠፉብን ሰው ናቸው፤ ይህን እሳቸውም አይክዱም።

3ኛ/ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ጎረቤቶች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ቤት ሰብረው መግባታቸው ሕገ ወጥ ስለሆነ፣ ትዕይንቱ ወጥቶ በምትኩ ጎረቤቶቹ በትዕግሥት ሲያንኳኩ፣ ለቀበሌ ሲያመለክቱና የሚመለከተው አካል እስኪመጣ ደጅ ቆመው ሲጠብቁ እንዲታይ፣ በመጨረሻም አያ ደርቤ የበሩን ካሳ በፍርድ ቤት ሲረታ እንዲዘጋ ወስነዋል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ወንድሜ ለማትሪክ ያጠና የነበረው በግቢው ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ነበር። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ብርዱ ስለጠናበት ከሰል ያለበት ምድጃ ይዞ ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። እናቴ ለቁርስ ጠራችው፣ ዝም አለ። ደግማ ጠራችው። ጩኸቷን የሰሙት ባለሱቁ ጎረቤታችን ጋሽ ሃሩን ሱቃቸውን ከፍተው ሳይጨርሱ ዲጂኖ ይዘው መጡ። የማን በር ነው አላሉም። «ዞር በሉ» ብቻ ነው ያሉት። በሩ ከነማጠፊያው ወደቀ፤ ወንድሜን አውጥተው በዚያው በወደቀው ሳንቃ ላይ አስተኙት፣ ከጎረቤቶች ጋር አራት ሆነው ተሸክመውት እስከ አስፋልቱ ሮጡ፣ አንድ ሚኒባስም ተሳፋሪውን በሙሉ አውርዶ ወሰደን።

አልተረፈም። የከሰሉ ጭስ ቀድሞ ነበር። ግን እስከ ቀትር ድረስ ኖሯል። እናቴ እጁን የያዘችው ሙቅ ሳለ ነው፤ አንድ ጊዜ ጣቷን ጨበጥ አድርጓታል። ከእሱ የቀራት ይህ ነው። በእርምትዎ መሠረት ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ጋሽ ሃሩን በተዘጋ ቀበሌ ደጃፍ ላይ ጸሐፊውን ሲጠብቁ፣ እናቴም በትዕግሥት ስታንኳኳ ነበር።

የካሳውን ነገርም ላስረዳ። በሠልስቱ ቀን አቶ አባይነህ መጥተው በሩ የነበረበትን ክፍት ቦታ እያዩ ቆሙ። «ማነው የሰበረው?» አሉ። እኔም የትያትሩን ቀጣይ ቃል፣ «ይከፍላል» የሚለውን፣ በሆዴ ጠበቅሁ። ጋሽ ሃሩን «እኔ ነኝ» አሉ። አቶ አባይነህ «እጅህ ይባረክ» አሉና ተቀመጡ። ወንድሜ ይህን መስማት ነበረበት፤ ስለ አያ ደርቤ ከእርስዎም ከእኔም የበለጠ ያውቅ ነበርና።

4ኛ/ ደራሲው በአካል ቀርቦ በእርምቶቹ ላይ እንዲፈርም ጠይቀዋል። አይቀርብም። መሞቱን ክበቡ በጽሑፍ ቢያስታውቅም ቢሮዎ «ይህ ቀሪ ለመሆን በቂ ምክንያት መሆኑ ይረጋገጥ» ብሎ ስለመለሰ፣ ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የድራማ ክበቡ ተሰብስቦ በሩ እንዲሰበር ወስኗል። አያ ደርቤን የምጫወተው እኔ ነኝ። አዳራሹን ቢከለክሉን ከፋሲካ በኋላ በሚውለው እሑድ ግቢያችን ውስጥ እናሳየዋለን። አቶ አባይነህ ግቢውን በነጻ ፈቅደዋል፤ መብራቱንም እስከ መጨረሻው እንደማያጠፉ በእናቴ ፊት ተናግረዋል። ለክቡርነትዎ ከፊት ወንበር ይዘንልዎታል፣ ቢመጡ ቅር አይለንም። ከትያትሩ ጽሑፍ ላይ ግን አንዲት ቃል አንነካም፤ ጸሐፊው ከሌለ የሚያርመው የለም።

በሁለት መንግሥታት ዘመን አንድን ምስኪን ቋጣሪ ለሁለት ዓላማ በማሰለፍ ያሳዩትን ትጋት እያደነቅሁ፣ ለሦስተኛውም ያድርስዎ እያልኩ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የእስጢፋኖስ ታናሽ ወንድም
ቴዎድሮስ ቦጋለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ሰብሳቢ በቤትዎ ሳሉ፣ አያድርገውና ድንገት አንድ ነገር ቢደርስብዎ፣ ጎረቤቶችዎ በሩን ይስበሩ ወይስ ትእዛዝ ይጠብቁ የሚለውን በደህናው ጊዜ ጽፈው በርዎ ላይ ቢለጥፉላቸው ከጭንቀት ያድኗቸዋል። ወደ እኛ ግቢ የሚዛወሩ ከሆነ ግን በመጻፍ አይድከሙ፤ ጋሽ ሃሩን ሳያነቡት ነው የሚገቡት።