የጎባው ሽልማትሽ

ሮቤ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለጸሎት፤

እንዴት ከርመሽልኛል? የአርባ ምንጭ ሙቀት ተስማማሽ? እኛ ደህና ነን፤ ሮቤም ብርዷን አልተወችም። ስደውል ስለማታነሺ ይህን ደብዳቤ ለሥልጠና ወደዚያ በምትሄደው በሒሳብ መምህሯ በመርዋ እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ ሳታነቢው አትቅደጂው።

ባለፈው ሐሙስ ሱሀይላ ሱቅ ገባሁ፤ ያቺ የስልክ ዕቃ የምትሸጠው የድሮ ተማሪዬ። በኦሮምኛ ‹አካም ጂርቱ ቲቸር› ብላ ደህንነቴን ጠይቃ በርጩማ ሰጠችኝ። ለስልክ ጌም የሚሆን ገመድ አልባ ጆይስቲክ ፈልጌ ነው አልኳት። ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ገሰራ ላለው ለእህቴ ልጅ አልኩ። እህት እንደሌለኝ አንቺ ታውቂያለሽ። እሷም እኔም ጾም ላይ ነን፤ እኔ ግን በጾም አፌ ዋሸሁ።

ያላትን ሁሉ ደረደረችልኝ። አንዱ ስልኩን መሃሉ አስገብቶ ግራና ቀኝ የሚይዝ ነው። ሌላው ለብቻው ሆኖ በብሉቱዝ የሚገናኝ፣ ስልኩን ከላዩ የሚያቆሙበት ነው። ከዚያ ጥያቄዋን አከታተለችው፦ ስልኩ ምንድን ነው? ከነሽፋኑ ነው የሚገባው? ሲጫነው ቢዘገይበት ልጁ ይናደዳል ወይስ ይችለዋል? ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሴት የማሸጊያውን ጽሑፍ ማገላበጥ ያዝኩ። ልጁ ምን እንደሚጫወት ስትጠይቀኝ ‹ኳስ› አልኩ፣ ሌላ የማውቀው የለ።

«ኳስ ከሆነማ ጸሎትን ይጠይቋት እንጂ ቲቸር» አለችኝ። «ጎባ ላይ በስልክ ኳስ ውድድር አሥራ ሰባት ወንዶችን አሸንፋ ጆይስቲክ የተሸለመችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

ፎቶውንም ከስልኳ አወጣች። ሽልማትሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ትስቂያለሽ። የለበስሽው እኔ ሁለት ወር ሙሉ የፈለግሁትን አረንጓዴ ሹራቤን ነው። እንደዚያ ስትስቂ ካየሁሽ ቆየሁ።

ሽልማት ነው ብለሽኝ ነበር። ወንድ ነው የሰጠሽ ብዬ ውሸታም አልኩሽ። ያ አልበቃ ብሎኝ በወላጆች ስብሰባ ላይ የነጠቅሁሽን ጆይስቲክ ከቦርሳዬ አወጣሁትና ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ቤቴን የበጠበጠው ይሄ ነው፣ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ ብዬ ተናገርኩ። ሰው አጨበጨበ። አንቺ በሩ ጋ ለእንግዶች ውኃ ታድዪ ነበር። ትሪውን ቀስ ብለሽ አስቀምጠሽ ስትወጪ አየሁሽ። አይቼም ንግግሬን ቀጠልኩ።

አሁን ደግሞ የማታውቂውን ልንገርሽ። ዳይሬክተሩ ቆልፎበታል ያልኩሽ ውሸት ነው። በዚያው ቀን ቤት ገብቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ሦስት ቀን ቢሮ እየተመላለስሽ ስትለምኚ፣ ዳይሬክተሩም ግራ ገብቶት ሲያይሽ፣ እኔ ከመምህራን ክፍል በመስኮት እያየሁ ዝም አልኩ። ውሸታሟ እኔ ነኝ ጸሎቴ።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ሌላ የወላጆች ስብሰባ ነበር። በዚያው ሰው ፊት ስምሽን ላጠራ ቆርጬ እጄን አወጣሁ፣ ማይኩን ሰጡኝ። ቆሜ ስለ ዩኒፎርም አወራሁና ተቀመጥኩ። አሁንም አጨበጨቡልኝ። ዳግመኛ እጄን እንደማወጣ ቃል ልገባልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ቃሌን ምን ብለሽ ታምኚዋለሽ?

ለሱሀይላ ግን ያን ሐሙስ ከሱቋ ሳልወጣ እውነቱን ነግሬያት ነበር። «ለራሷ ለጸሎት ነው» አልኳት። ፊቴን ሳታይ ዕቃውን እየሰበሰበች «አሁን የምትይዘው ስልክ ምንድን ነው?» አለችኝ። የገዛሁልሽን ስልክ ሲሙን ብቻ አውጥተሽ አልጋዬ ላይ ትተሽልኝ እንደሄድሽ እንዴት ብዬ ልንገራት? አላውቅም አልኩና ባዶ እጄን ወጣሁ። የልጇን ስልክ የማታውቅ እናት አሁን ማን አለ?

የስልክሽን ዓይነት በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ለመርዋ ስጫት። ለእኔ ሰላምታ ባትጨምሪበትም ግድ የለም፤ ጽሕፈትሽን ካየሁ ይበቃኛል።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ድንግል በገባሽበት ትግባልሽ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያምንሽ ሰው ይስጥሽ።

እናትሽ ሸዋርጋ