የሴንሲብሌ አምስተኛ ትርጉም

ወልቂጤ

ለዶርም እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ሰላምታ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና በእሱ ልጀምር። ጤናሽ እንዴት ነው? የስፔን ብርድ ሳይነስሽን እንዳያስነሳብሽ እሰጋለሁ፤ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ እያለን እንኳ ክረምት ሲገባ ሁለት ጋቢ ደርበሽ ታስነጥሺ ነበር። ምግቡስ ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ስምሽን ግን አታነሳም።

ባለፈው ቅዳሜ አባትሽ ጋሽ አብዱልሃፊዝ ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ በሚኒባስ። ለምን እንደመጡ ታውቂያለሽ፤ የላክሻቸው አንቺ ነሽ። «የኔ ቆንጆ፣ ፕሮፌሰሯ ጽሑፉን ወዳዋለች፤ ጨርሼ ክፍል ፊት እንዳነበው ጠይቃኛለች፤ ቀሪውን ላኪልኝ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም ለፕሮፌሰሯ የምልከው እውነቱን ነው ብዬ መለስኩልሽ። ያን ጊዜ አባት እንዳለሽ ትዝ አለሽ።

እማዬ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ እንዲበላው ሥጋ የሌለበት ማዕድ አሰናዳች፤ ጎመን ክትፎ፣ አይብና ቆጮ። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ ሳያልቅ አንቀምስም ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። በእኛ በኩል የተቀመጡት ጎረቤታችን ጋሽ በኃይሉ ነበሩ፤ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው።

«እስቲ ልጄ፣ ምንሽን ወሰደችብሽ?» አሉኝ።

«ስለ አንድ የስፓኒሽ ቃል ትርጉሞች የጻፍኩትን» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ በኃይሉ «ቃሉ የስፔኖቹ አይደል እንዴ? እነሱ ሳይከሱ እናንተን ምን ያጣላችኋል?» ሲሉ አባትሽም ሳይቀሩ ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። «ጋሼ፣ ዋንዛው ከጫካ ነው የመጣው። ቁም ሳጥኑን የሠራው ግን ማነው? ሰው ተሸክሞ ወስዶ የራሴ ሥራ ነው ብሎ ቢሸጠው፣ ክሱን ለጫካው ይተዉለታል?»

«ይቺ ልጅ!» ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

አባትሽ ቃሉን እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። «ሴንሲብሌ» ይባላል፣ የእንግሊዝኛውን «ሴንሲብል» ይመስላል፣ እንግሊዝኛው ግን አስተዋይ ማለት ነው አልኳቸው። ስፓኒሹ አንደኛ፣ በትንሽ ነገር ልቡ የሚነካ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሲነኩት የሚያም አካል። አባትሽ ጉንጫቸውን ይዘው «ቀዝቃዛ ውኃ አላስጠጋ የሚል ጥርስ?» አሉ። አዎ ስላቸው «ታዲያ የኔ ጥርስ ስፔናዊ ነው በይኛ!» አሉኝ። ሦስተኛው የትንሽ ትንሿን ልዩነት የሚለይ መሣሪያ ነው፣ እንደ ወርቅ ቤት ሚዛን። አራተኛው ማንም አይቶ የሚያውቀው ለውጥ፤ ስፓኒሽ ያስተማሩን ስፔናዊት ነርስ፣ በሽተኛቸው ከአልጋው ሲነሳ «ሴንሲብሌ መሻሻል» ይሉ እንደነበረው።

አንቺ የወሰድሽው እነዚህን አራቱን ነው፤ የስፔኑ የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ከሁለት ገጽ በላይ አይቀበልም ነበርና። እኔ ክሊኒክ ለክሊኒክ፣ ወርቅ ቤት ለወርቅ ቤት ዞሬ ምሳሌ ስለቅም አንቺ «ይቺ ደግሞ አበደች» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ከዚያ ላፕቶፔን ተውሰሽ፣ ከእኔ ቀድመሽ ላክሽው። የእኔ ሲደርስ ምን ብለው እንደመለሱልኝ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው፤ «ጽሑፍሽ ከሌላ አመልካች የተሰረቀ ነው» አሉኝ። በገዛ ሥራዬ ሌባ ተባልኩ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

አባትሽ «ልጄ ከትምህርቷ ብትባረር ቡታጅራ ላይ በምን ፊቴ እወጣለሁ?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ቢሆንም «እኔስ ወልቂጤ ላይ በምን ፊቴ ስወጣ ከረምኩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስለ ልጄ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ የልጅን ይቅርታ ከአባት አፍ አንቀበልም አሉ። ፍርዱን ጋሽ በኃይሉ ተናገሩት። እኔ ለፕሮፌሰሯ አልጽፍም፤ ቀሪውን ጽሑፍ እልክልሻለሁ። አንቺ ደግሞ ያደረግሽውን በራስሽ አፍ፣ እዚያው ክፍል ፊት ትናገሪያለሽ። ተደወለልሽና ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ መሀል ተቀመጠ። «እሺ፣ እሺ፣ እናገራለሁ» አልሽ። እነሱ አመኑሽ፤ እጃቸውን ታጥበው በሉ። እኔ ግን ዶርም አብሬሽ ኖሬያለሁ፤ እሺን የምትደጋግሚው ለመገላገል ስትቸኩዪ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቃሌን አክብሬያለሁ፤ አምስተኛው ትርጉም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ስፔኖች ሰው ሲሞትባቸው ማጣታቸውን «ሴንሲብሌ» ይሉታል፤ ዘልቆ የሚሰማ ማጣት። ምሳሌውን አዲስ ጻፍኩት። አንዲት የቡታጅራ ልጅ፣ የወልቂጤ ጓደኛዋን ጽሑፍ በራሷ ስም አድርጋ ባሕር ተሻገረች። የወልቂጤዋ ልጅ ሌላ ጽሑፍ መጻፍ ትችላለች፤ ስለዚህ ያጣችው ጽሑፉን አይደለም። ምሳሌው በየአንቀጹ ውስጥ ገብቷል፤ እሱን ልዝለል ብትዪ የምታነቢው ነገር አይኖርሽም። ስፓኒሹን ደጋግሜ አርሜዋለሁ፣ አያሳፍርሽም። ስታነቢ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ኋላ የተቀመጡትም ይስሙ።

እኔ ዘንድሮም አመልክቻለሁ፣ በሌላ ቃል። የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም።

አላህ በዚያች ቀን ጉልበትሽን ያጽናው። አንደበትሽን አያስረው። በደህና ያስጨርስሽ፣ በደህና ለእናትና አባትሽ ይመልስሽ። ውጪ ስትወጪ አንገትሽን ሸፍኚ።

አንብበሽ ከክፍሉ ስትወጪ ደውዪልኝ። በየትኛውም ሰዓት ቢሆን አነሳለሁ።

የዶርም እህትሽ